ስንት ወጣ? ወይስ ምን ወጣ?

በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂና የፋርማሲ ትምህርት ክፍሎች ከሚቀርቡ የመመረቂያ ጽሑፎች መካከል አንድ ዓይነት ርዕስ ተደጋግሞ ይታያል። ቅጠሉ ይለያያል፤ አንዱ የግራዋ፣ ሌላው የክትክታ፣ ሌላው የሽፈራው ይሆናል። የሥራው አካሄድ ግን አንድ ነው። ቅጠሉ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በአልኮልና በውሃ ይዘፈዘፋል፤ የአልኮሉ መጠን፣ ሙቀቱና ጊዜው እየተቀያየረ ከቅጠሉ የሚወጣው የፍላቮኖይድ መጠን ይለካል። በመጨረሻም ሠንጠረዥ ተዘጋጅቶ ከፍተኛው ቁጥር በደማቅ ቀለም ይጻፍና «ምቹው ሁኔታ ይህ ነው» ተብሎ ይደመደማል።

በዚህ ጽሑፍ የምንሟገተው ያ በደማቅ ቀለም የተጻፈ ቁጥር ብቻውን የማንንም ጥያቄ አይመልስም ብለን ነው። ሥራው አያስፈልግም ማለታችን እንዳልሆነ አንባቢያን እንዲረዱልን እንፈልጋለን። ከቅጠል ውስጥ ንጥረ ነገርን በጥንቃቄ ማውጣት መማር ለአንድ ወጣት ኬሚስት ከሚሰጡት ትምህርቶች ሁሉ ጠቃሚው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ተማሪው አንድ ሙሉ ሴሚስተር፣ ትምህርት ክፍሉ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ አሟሚ የሚያፈስስበት ሥራ ነው፤ ከዚያም አልፎ ያንኑ ቅጠል መድኃኒት ይሆነኛል ብሎ የሚወስድ ሰው አለ። ስለዚህ «ስንት ወጣ?» ከማለት በፊት «ምን ወጣ? ለምንስ ፈለግነው?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል።

ፍላቮኖይድ የሚለው ስም የመጣው ቢጫ ማለት ከሆነው «ፍላቩስ» ከሚል የላቲን ቃል ነው። የእነዚህ ንጥረ ነገሮች አጽም 15 የካርቦን አቶሞች አሉት፤ እያንዳንዳቸው ስድስት ካርቦን ያላቸው ሁለት ቀለበቶች በሦስት ካርቦኖች ድልድይ ተያይዘው ይሠሩታል። ዕፅዋት ፍላቮኖይድን የሚሠሩት ለእኛ ብለው አይደለም። ከፀሐይ የሚመጣውን አልትራቫዮሌት ጨረር ለመጋረድ፣ አበባቸውን ለማቅለም፣ ተባይንና ሻጋታን ለመመከት ይጠቀሙበታል። ከእነዚህ ንጥረ ነገሮች አንዱ ሩቲን ይባላል። ስሙን ያገኘው «ሩታ» ከተባለው የዕፅዋት ወገን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1842 ኦገስት ቫይስ የተባለ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ነው በመጀመሪያ ከዚሁ ወገን ተክል ያገኘው። ሩታ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ቡናችን ውስጥ ጣል የምናደርገው ጤና አዳም የዚሁ ወገን ነው። ስለዚህ ተማሪው በደብተሩ ላይ «ሩቲን» ብሎ በጻፈ ቁጥር፣ ሳያውቀው፣ የእናቱን ጓሮ ዕፅ ስም እየጻፈ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ምሳሌ እንዲሆነን የመረጥነው ግን ሽፈራውን ነው። በጋሞና በወላይታ አለኮ ወይም ሀለኮ እየተባለ የሚጠራው ይህ ዛፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገቡት የኮንሶ እርከኖችና በየመኖሪያ ግቢው ተተክሎ ይታያል። ቅጠሉ እንደ ጎመን ይበላል፤ ከእህል ከሚድቦለቦለው ኩርኩፋ ጋርም አብሮ ይቀቀላል። በቅጠሉ ውስጥ ካሉት ፍላቮኖይዶች ዋነኛው ሩቲን ነው። እንግዲህ ምግብም መድኃኒትም የሆነ፣ ሰው በየዕለቱ በእጁ የሚነካው ቅጠል በመሆኑ ለክርክራችን የተመቸ ነው።

በነገራችን ላይ ስለ ፍላቮኖይድ ጥቅም ሲወራ ጥንቃቄ የሚያሻው ከዛሬ ጀምሮ አይደለም። የቫይታሚን ሲን ምንነት ካሳወቁት ሳይንቲስቶች ዋነኛው አልበርት ሴንት ጆርጂ እ.ኤ.አ. በ1936 ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ፍላቮኖይዶችን «ቫይታሚን ፒ» ብሎ ሰይሟቸው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የኖቤል ሽልማት አገኘ። ይሁን እንጂ ፍላቮኖይድ ያልተመገበ ሰው የሚታመመው የጉድለት በሽታ ስላልተገኘ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ስያሜው እንዲቀር ተደረገ። የኖቤል ተሸላሚ የሰጠው ስም እንኳ በማስረጃ ማነስ ይሰረዛል።

አሁን ወደ ብርጭቆው እንመለስ። ቅጠል ከአሟሚ ጋር ሲገናኝ የሚሆነው ነገር ሻይ ከማፍላት ብዙም አይርቅም። ፈሳሹ ወደ ሕዋሱ ይገባል፣ የሕዋሱን ግድግዳ ያብጣል፣ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር ያሟማል፣ የሟሟውም ንጥረ ነገር በመስረግ ወደ ውጭ ይወጣል። ሩቲን በቀዝቃዛ ውሃ እጅግ ደካማ የመሟሟት ባሕርይ አለው፤ አንድ ግራም ሩቲን ለማሟማት ወደ 8 ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያስፈልግ፣ ውሃው የፈላ ከሆነ ግን 200 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል። ልዩነቱ አርባ እጥፍ ነው። ድስት ጥዶ ቅጠል መቀቀል ኬሚስትሪ ሳይባል የተሠራ ኬሚስትሪ መሆኑን ይህ ቁጥር ብቻ ያሳያል።

አልኮል ሲጨመር ነገሩ ይለወጣል። ንጹሕ ኤታኖል ቅጠሉን ያደርቀዋል እንጂ አያብጠውም፤ ከዚህም ሌላ የማንፈልገውን ክሎሮፊልና ሰም ይዞ ይወጣል። ንጹሕ ውሃ ደግሞ ቅጠሉን በደንብ ያብጣል፤ ነገር ግን ስኳሩን፣ ጨውንና ሙጫውን ሁሉ ያግተለትላል። ሁለቱ ሲደባለቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ኤታኖሉ ከ50 እስከ 70 በመቶ ሲሆን፣ ውሃው በሩን ይከፍታል፣ አልኮሉ ደግሞ ፍላቮኖይዱን ያወጣል። (በቤታችን የሚወጣው ዳግም አረቄ የአልኮል መጠኑ ወደ ግማሽ የሚጠጋ መሆኑን ስናስብ፣ ሥራ ሥርና ቅጠል በአረቄ ይዘፈዝፉ የነበሩ አዋቂዎች ከዚህ ድብልቅ ብዙም አልራቁም ነበር። ጠጡት ማለታችን አይደለም።)

የቅጠሉ አፈጫጨትም የራሱ ሕግ አለው። ንጥረ ነገር ከአንድ ቁራጭ ውስጥ ሰርጎ ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ ከውፍረቱ ርቢ ጋር ያድጋል፤ ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ ጊዜው ወደ ሩብ ይወርዳል። ነገር ግን እንደ ዱቄት ከደቀቀ ማጥለያ ወረቀቱን ይደፍነዋል፤ ተማሪው ከሙቀትና ከጊዜ ጋር የታገለውን ያህል ከማጥለያው ጋር ሲታገል ይውላል።

አሟሚውን እንዴት እንደምንጠቀምበት ደግሞ በወረቀትና በእርሳስ ብቻ ሊሰላ ይችላል። 10 ግራም ደረቅ ቅጠልና 300 ሚሊ ሊትር አሟሚ አለን እንበል። ከተጠለለ በኋላ እርጥቡ ቅጠል 30 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ይዞ ይቀራል ብለን እንውሰድ። ፍላቮኖይዱ በፈሳሹ ውስጥ እኩል ከተዳረሰ፣ 300ውን በአንድ ጊዜ ብናፈስስ አሥር በመቶው ከቅጠሉ ጋር ይቀራል፤ ያገኘነው 90 በመቶ ነው። ያንኑ 300 ከፋፍለን ሦስት ጊዜ መቶ መቶ ብናፈስስስ? ከመጀመሪያው በኋላ 30 በመቶ ይቀራል፤ ከሁለተኛው በኋላ 7 በመቶ ያህል፤ ከሦስተኛው በኋላ ከ2 በመቶ በታች። ከ98 በመቶ በላይ አገኘን ማለት ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን መካከለኛው ላይ ነው፤ ሁለት ጊዜ መቶ መቶ ብቻ ብናፈስስ 93 በመቶ እናገኛለን። 200 ሚሊ ሊትር ከ300 በለጠ! ሦስተኛው መቶ የጨመረልን አምስት በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ያንን ለማግኘት ግን የአሟሚውን አንድ ሦስተኛ፣ በኋላም ያንን ለማትነን የሚፈጀውን ኃይል ከፍለናል። አንድ ኪሎ ግራም የፈላ ውሃን ለማትነን 2257 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል፤ ኤታኖል ከዚህ ግማሽ እንኳ አይፈልግም። ታዲያ ምቹው ሁኔታ የትኛው ነው? ከፍተኛው ቁጥር ሦስት ጊዜ ይላል፤ የመብራት ቆጣሪው ሁለት ጊዜ ይላል። መልሱ የሚወሰነው በጠያቂው ዓላማ ነው፤ ዓላማው ግን በሠንጠረዡ ውስጥ ቦታ አልተሰጠውም።

ቁጥሩ ራሱስ እንዴት ተገኘ? በብዙ ቤተ ሙከራዎቻችን የሚሠራበት ዘዴ አሉሚኒየም ክሎራይድ በመጨመር የሚፈጠረውን ቢጫ ቀለም በ415 ናኖ ሜትር አካባቢ በስፔክትሮፎቶሜትር መለካት ነው። ዘዴው ርካሽና ፈጣን በመሆኑ አንነቅፈውም። ይሁን እንጂ የሚያየው ሁሉንም ፍላቮኖይድ አይደለም፤ ከአንዳንዶቹ ጋር ብርቱ ቀለም ሲሰጥ ከሌሎቹ ጋር እምብዛም አይሰጥም። ክሎሮፊልም ከዚያው የሞገድ ርዝመት ብዙ ሳይርቅ፣ በ430 ናኖ ሜትር አካባቢ፣ ብርሃን ይመጣል። አሉሚኒየም ክሎራይድ ያልተጨመረበት የዚያው ናሙና ማነጻጸሪያ ካልተነበበ፣ ፍላቮኖይድ ብለን የመዘገብነው ከፊሉ የቅጠሉ አረንጓዴነት ነው። ሶዲየም ናይትራይት ተጨምሮበት በ510 ናኖ ሜትር የሚነበበው ሌላው ዘዴ ደግሞ እንደ ክሎሮጀኒክ አሲድ ያሉ ፍላቮኖይድ ያልሆኑ ንጥረ ነገሮችን ጭምር ይቆጥራል።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። ውጤቱ «በኩዌርሴቲን ልክ» ወይም «በሩቲን ልክ» ተብሎ ይጻፋል። ሩቲን ማለት ኩዌርሴቲን ላይ ሁለት ስኳሮች ሲጣበቁበት የሚገኝ ሞለኪውል ነው፤ የኩዌርሴቲን ሞለኪውላዊ ክብደት 302 ሲሆን የሩቲን 610 ነው። ሁለቱ በሞለኪውል ቁጥር እኩል ቀለም ቢሰጡ እንኳ፣ አንዱና ያው ቅጠል በአንዱ መለኪያ 10፣ በሌላው 20 ሚሊ ግራም ሊባል ነው። ሁለት ተማሪዎች በሁለት መለኪያ ለክተው አንዱ ሌላውን «በእጥፍ በለጥኩት» ቢል፣ አንዱ በክንድ ሌላው በሜትር ጨርቅ ለክተው እንደተከራከሩ ነጋዴዎች ናቸው።

አፈላለጉም መመርመር አለበት። ሙቀቱን አጽንቶ የአልኮሉን መጠን መቀያየር፣ የተሻለውን መያዝ፣ ከዚያ አልኮሉን አጽንቶ ሙቀቱን መቀያየር፣ በሌላ አነጋገር አንድ በአንድ መሄድ፣ ለአስተሳሰብ የቀለለ ነው። ችግሩን ለማየት በጭጋግ የተሸፈነ ተራራ የሚወጣ ሰው እናስብ፤ መሄድ የሚችለው ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ወይም ወደ ሰሜንና ደቡብ ብቻ ነው። የተራራው ሸንተረር ሰያፍ ከሆነ፣ ሸንተረሩ ላይ ሲደርስ በአራቱም አቅጣጫ ቁልቁለት ይሆንበትና ጫፍ ላይ የደረሰ ይመስለዋል። እውነተኛው ጫፍ ግን በሰያፍ ገና ከፊቱ ነው። ሙቀትና የአልኮል መጠን እንዲህ የተቆራኙ ናቸው፤ ውሃ የበዛበት ድብልቅ ከፍ ያለ ሙቀት ሊፈልግ ይችላል፣ አልኮል የበዛበት ደግሞ ያነሰ።

ይህን ችግር ለመፍታት ቦክስና ዊልሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1951 ብዙ ተለዋዋጮችን በአንድነት እያንቀሳቀሱ የውጤቱን ገጽታ በሒሳብ የመሳል ዘዴ አቀረቡ፤ በ1960 ደግሞ ቦክስና ቤንከን ሙከራዎችን የሚቆጥብ ንድፍ ጨመሩበት። ሦስት ተለዋዋጮችን በሦስት ሦስት ደረጃ ሙሉ በሙሉ ለመፈተሽ 27 ሙከራ የሚያስፈልግ ሲሆን፣ በቦክስና ቤንከን ንድፍ ግን የመካከለኛው ነጥብ ሦስት ጊዜ ተደግሞ 15 ይበቃል። አሟሚ በሚወደድበት ሀገር ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ሆኖም ዘዴው በሶፍትዌር ታሽጎ ስለሚመጣ ሌላ ዓይነት ስንፍና አስከትሏል። 15 ሙከራዎች ተሠርተው 10 መደቦች ያሉት ቀመር ሲገጠምላቸው፣ ስህተትን ለማጋለጥ የሚተርፈው አምስት ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ 0.99 የሆነ የመገጣጠም ቁጥር ማግኘት ብርቅ አይደለም። ቀመሩ እውነት መሆኑ የሚታወቀው በተነበየው ሁኔታ፣ ቀመሩ ባላየው አዲስ የቅጠል ለቀማ ላይ፣ ሙከራው ተደግሞ ሲገኝ ነው። ያ አንድ ቀን የሚፈጅ ሥራ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ቁጥሩን ስለማጥራት ነው። ከዚህ የጠለቀው ጥያቄ ግን ከቅጠሉ የወጣው ነገር የተፈለገው ነገር መሆን አለመሆኑ ነው። ለዚህ ከእንዶድ የተሻለ አስተማሪ የለንም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውና ይህም ብልሃርዝያን ለመቆጣጠር ተስፋ ማሳደሩ የታወቀ ታሪክ ነው። ብዙ ተማሪ የማያውቀው ቀጣዩን የኬሚስትሪ ምዕራፍ ነው። የእንዶድ ፍሬ ገዳይ ንጥረ ነገር ፍላቮኖይድ ሳይሆን ሳፖኒን ነው፤ ነገር ግን ትምህርቱ ለሁሉም ዕፅ ይሠራል። በፍሬው ውስጥ ሳፖኒኑ በሁለት ወገን የስኳር ሰንሰለት ተንጠልጥሎበት ይገኛል፤ በዚህ ሁኔታው ቀንድ አውጣን አይገድልም። ፍሬው ተፈጭቶ በውሃ ሲበጠበጥ የራሱ የፍሬው ኢንዛይም አንዱን ሰንሰለት ይቆርጠዋል፤ ገዳዩ ያን ጊዜ ይፈጠራል። በሜታኖል ሲወጣ ግን ኢንዛይሙ ሥራውን ያቆማል፣ ሳፖኒኑም እንደነበረ ይወጣል። እንግዲህ በሠንጠረዥ ላይ ሜታኖል «ብዙ ሳፖኒን አወጣ» ተብሎ በደማቅ ቀለም ሊጻፍ ይችላል፤ ቀንድ አውጣው ግን አይሞትም። ልብስ አጣቢዎቹ እናቶች ይጠቀሙበት የነበረው ውሃ ትክክለኛው አሟሚ ነበር።

የሩቅ ምሥራቁም ታሪክ ከዚህ ይመሳሰላል። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ለወባ መድኃኒት ፍለጋ አርቲሚዥያ የተባለውን ተክል ስትመረምር ውጤቱ አንድ ጊዜ ተስፋ ሲሰጥ ሌላ ጊዜ ይከዳት ነበር። በአራተኛው መቶ ዘመን የተጻፈ የሕክምና መጽሐፍ ተክሉ በውሃ ተነክሮ፣ ተጨምቆ ይጠጣ ማለቱን ስታስተውል፣ ቀቅሉት አለማለቱ ትኩረቷን ሳበው። ሙቀቱ መድኃኒቱን እያጠፋው ይሆን? በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚፈላው ኢተር አወጣችው፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1971 የተገኘው ጭማቂ በአይጦች ላይ የወባ ተውሳክን ሙሉ በሙሉ አጠፋ። በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። እኛም ዘንድ ለምች ሲባል ዳማ ከሴ በእጅ ታሽቶ ይጨመቃል፣ ጭማቂውም በቡና ይጠጣል እንጂ ቅጠሉ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ለ24 ሰዓት በሜታኖል አይዘፈዘፍም። ታዲያ በሜታኖል የወጣውን ለክተን «የዳማ ከሴ መድኃኒትነት ተረጋገጠ» ብንል፣ የለካነው ሕዝቡ የሚጠጣውን አይደለም።

ይህ ለሩቲንም ይሠራል። መራራ በሆነው የታርታሪ ባክዊት እህል ውስጥ ሩቲንን ወደ ኩዌርሴቲን የሚቀይር ኃይለኛ ኢንዛይም አለ፤ ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውሃ እንደታሸ ሥራውን ይጀምራል፣ በሙቀት ግን ይጠፋል። የቱ ሞለኪውል እንደወጣ ማወቅ ደግሞ ለሚወስደው ሰው ልዩነት አለው። የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ ትልቁ አንጀታቸው በቀዶ ሕክምና በወጣላቸው ፈቃደኞች ላይ እንደታየው፣ በቀይ ሽንኩርት ውስጥ ካለው ከግሉኮስ ጋር የተጣበቀ ኩዌርሴቲን 52 በመቶው፣ ከንጹሕ ኩዌርሴቲን 24 በመቶው፣ ከሩቲን ግን 17 በመቶው ብቻ ነበር በትንሹ አንጀት የተመጠጠው። «ጠቅላላ ፍላቮኖይድ» የሚለው ነጠላ ቁጥር ሦስቱን አንድ ላይ ደምሮ ያስቀምጣቸዋል።

አንዳንድ መምህራን «ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ይህ ሁሉ ይበዛበታል» እንደሚሉ እናውቃለን። እኛ ደግሞ ከበዛ የሚበዛው ትርጉም የሌለው ሙከራ ነው እንላለን። የምንጠይቀው አዲስ መሣሪያ አይደለም። ቅጠሉ መቼ፣ ከየት፣ ከዛፉ ፀሐይ ከሚያገኘው ወይስ ከጥላው ወገን እንደተለቀመ ይጻፍ፤ ፍላቮኖይድ የፀሐይ መጋረጃ ነው ብለናልና ፀሐይ የበዛበት ቅጠል ብዙ ይሠራል፣ ይህ ልዩነት ተማሪው በሙቀት የሚያገኘውን ልዩነት ሊውጠው ይችላል። የተክሉ ናሙና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ወይም በቅርብ ባለ ሄርባሪየም ይቀመጥ፤ የአንድ ቅጠል ስም ከወረዳ ወረዳ ሲቀያየር እናውቃለን። በጥላ ደረቀ ወይስ በፀሐይ፣ ስንት ቀን፣ ይመዝገብ።

አሟሚውም ይታሰብበት። ሜታኖል ርካሽና ጎበዝ አሟሚ ነው፤ ጥቂቱ ግን ዓይን ያጠፋል። በመድኃኒት ውስጥ ሊቀር የሚችለው የሜታኖል መጠን በዓለም አቀፍ መመሪያ ከአንድ ሚሊዮን 3000 እጅ ብቻ ሲሆን ኤታኖል ግን 5000 እጅ ተፈቅዶለት አደጋው አነስተኛ ከሚባሉት ይመደባል። ኤታኖል ደግሞ በፊንጫና በመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ሲመረት የቆየ፣ በሀገር ውስጥ ሊገኝ የሚችል ነገር ነው። በሜታኖል 100 በኤታኖል 94 ቢወጣ፣ ሀገር የምትጠቀመው በየትኛው ነው?

ሕጉንም መዘንጋት አይገባም። የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን አርካቦት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ በዕውቀቱ ላይ መብት እንዳለው ይደነግጋል። «በባሕላዊ ሕክምና ጥቅም ላይ ይውላል» የምትለዋ የመግቢያ ዓረፍተ ነገር ከሰው የተገኘች ናት፤ ያ ሰው ግን በምስጋና ገጽ ላይ እንኳ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ለሚቀጥለው ሴሚስተር እንዲህ ቢሆን ደስ ይለናል። የሽፈራው ቅጠል ላይ የሚሠራ ተማሪ አሥራ አምስቱን ሙከራዎች በኤታኖልና በውሃ ይሥራ፤ ሩቲንንና ኩዌርሴቲንን ለየብቻ ይለካ፤ ከአሟሚው መጠን አጠገብ የፈጀውን ኃይል ይጻፍ። ከአሥራ አምስቱ በታች ግን አንድ አሥራ ስድስተኛ መስመር ይጨምር፦ የሸክላ ድስት፣ የወንዝ ወይም የቧንቧ ውሃ፣ የእንጨት እሳት፣ ባለቤቷ «በስሏል» እስክትል ድረስ ያለው ጊዜ። ቅቅሉም የተቀቀለበትም ውሃ በዚያው መሣሪያ ይለኩ። ሠንጠረዡ ሲያልቅ አንድ ቅጂው ቅጠሉ ወደተለቀመበት ቀበሌ፣ በዚያው ሰው በሚነበብ ቋንቋ፣ ይላክ።